አንጓች ሰግዳ ስትነሣ

ሰው የገዛ ሕመሙን ቢጽፍ ወግ ነው። ይኼ ግን የሚስቴ የአንጓች ሕመም ነው፤ እኔ ጸሐፊዋ ብቻ ነኝ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። እኔም ብሆን ከንባብ አላለፍሁም፤ ዳዊት ልጀምር ስል አባቴ ለእርሻ ፈለጉኝና ወጣሁ። መጀመሪያ አልጽፍም ብዬ ነበር።

«የሚስቴን ሆድ ለአገር ላውራ?» አልኋት።

«ሐኪሙ ከፍቶ አይቶት የለም እንዴ? ከዚህ ወዲያ ምን ሊደበቅ ነው? ይጻፉት እንጂ። አንዲት ሴት እንኳ ብትድንበት ምን ይከፋል?»

ተረታሁ። በቀላሉ የምረታ ሰው አይደለሁም፤ ይኼን ያገሬ ሰው ያውቀዋል።

ቤታችን ከቡሬ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። ነገሩ የተጀመረው በሴት ልማዷ ነው። ደሙ በወሩ መጥቶ በወጉ መሄዱን ተወና መዋል ማደር ያዘ። እኛ ቆራቢዎች ነን። ደም ያለባት ሴት ደግሞ በሥርዓታችን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። በፊት በወር ጥቂት ቀን ነበር። ኋላ ግን አንጓች ከውጭ ካለው ወይራ ሥር የማትጠፋ ሆነች። ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ፣ እሷ እዚያው ናት። እኔ ውስጥ ቆሜ ዝናብ ሲመታት አያለሁ። ቁርባን ከተቀበለች ዓመት አለፋት። ለማንም አታወራውም እንጂ ከሕመሟ ይልቅ ይኼ ነበር የሚያቃጥላት።

ቀጥሎ ሆዷ ከእምብርቷ በታች ጠጠረ። ቡሬ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ አንድ ድሬሰር ዘንድ ወሰድኋት። ዳበሳትና ፈገግ አለ።

«እንኳን ደስ አላችሁ፤ ፀንሳለች።»

«ልጄ፣ ደሙ ሳይቆም?» አለችው።

«አንዳንዴ ይሆናል።»

«የመጨረሻዋ ልጄ እኮ አግብታ ወልዳለች። ለልጅ ልጄ አጎት ልወልድለት ነው?»

ሳቅን። ሰው ተስፋ አይጠላምና እኔ በልቤ አመንሁት። ጎረቤት ሰማ፤ ለአራስ ገንፎ የሚሆን እህል እስከ መላክ ተደረሰ። ዘጠኝ ወርም አለፈ፤ ልጅ የለም። ሆዷ ግን አልጎደለም። ያን ገንፎ ራሳችን በላነው።

ከዚያ እግሮቿ አበጡ፤ ጣት ቢጭኑባቸው ጉድጓድ ይቀራል። ትንፋሿ አጠረ። ውሃ በእንስራ አዝላ የምትወጣውን ዳገት ባዶ ጀርባዋን እየተቀመጠች ትወጣው ጀመር። በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ጧት ራሷን ሲያዞራት ሳታስበው ቁራሽ ቀመሰች። ደንግጣ ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ሞገስ ተናዘዘች። መምሬ ሞገስ ከእኔም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ጾም ለሻረ የሚሰጠውን ቀኖና ሰጧት፤ ጧት ጧት ወደ ምሥራቅ ዞራ እንድትሰግድ። ለደህና ሰው ቀላል ነው።

በመጀመሪያው ጧት ግንባሯን መሬት አስነክታ ስትነሣ ዓይኗ ተገለበጠና ወደቀች። ወዲያው ነቃች። በማግስቱም እንዲሁ። ስትተኛ ደህና ናት፤ ስትቀመጥ ደህና ናት፤ ሰግዳ ስትነሣ ትወድቃለች።

እዚህ ላይ ሁላችንም ሳትን። ታላቅ ወንድሟ አያ ደመቀ መጥቶ አያትና ፈረደ።

«ይኼማ የታወቀ ነው። ስግደት የሚጠላ ጋኔን ነው። ስግደት ከጠላ መድኃኒቱ ስግደት ነው። ጨምሩባት!»

እውነት መሰለን። እሷም አመነች። የታዘዘችውን እጥፍ ትሰግድ ጀመር፤ ትወድቃለች፣ ትነቃለች፣ እንደገና ትሰግዳለች። ጸበልም ወሰድናት። ጎንበስ ብላ ተጠምቃ ቀና ስትል እዚያው ወደቀች። ሰዉ ከበባት። አያ ደመቀ ከሁሉም በላይ ይጮኻል።

«ስምህን ተናገር! ማን ነህ? ስምህን ተናገር!»

ዓይኗን ገለጠች። «አንጓች ነኝ። አያ ደመቀ፣ ከአንድ ማሕፀን ወጥተን ስሜ ጠፋህ?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ከንፈሯን አየሁት፤ ጠቁሮ ነበር። ጸበሉ አልረዳትም አልልም። ልቤን ወደ ሐኪም ያዞረው ያ ቀን ነው።

«ፍኖተ ሰላም እወስዳታለሁ» አልሁ።

«ሐኪም ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጋኔን የሚያወጣው?» አለ ደመቀ።

«ጋኔን ከሆነ ሐኪሙን አይቶ ይስቃል። ካልሆነ ይለይልናል።»

ተቀየመኝ። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ቢያገኘኝ ሰላምታ አይሰጠኝም፤ እኔም አልለመንሁት።

ፍኖተ ሰላም ያለው ክሊኒክ ደጁ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ነበረ። ሕመምተኛ ከእሱ አልፎ እስከ አጥሩ ድረስ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጧት ደርሰን ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ተራ ጠበቅን። ከደምበጫ በኩል የመጣች አንዲት እንቅርት ያለባት ሴት አንጓችን አየቻትና ያለ አንዳች ንግግር እግሮቿን አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረቻቸው። «ሲንጠለጠሉ ነው የሚያብጡ» አለች። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ተቀመጠች። የራሷ ተራ ሲደርስ እንኳ እግሮቹን ለእኔ አስረክባ ነው የገባች። ስሟን አልጠየቅናትም። እግዜር ያውቃታል።

የጤና ሠራተኛው ጎልማሳ ነው። ደረቷን አዳመጠና «ልቧ ደክሟል» አለ። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ክኒን ሰጠን። እግሯ ጎደለ፤ ተደሰትን። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ከፊተኛው ብሶ አበጠ። ተመልሰን ሄድን። አሁን ሆዷንም ደጋግሞ ዳበሳት።

«አባቴ» አለኝ፣ «ልቧ ብቻ ቢሆን ሆዷ ላይ ያለው ድንጋይ ምንድን ነው? ድንጋዩ ብቻ ቢሆን ልቧን ምን ነካው? ሁለቱን የሚያገናኛቸውን እኔ አላውቅም። ጊዜ ሳያጠፉ አዲስ አበባ ይውሰዷት። ኦፕራሲዮን ሳያስፈልጋት አይቀርም።»

አላውቅም ስላለ እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ። አውቃለሁ ቢል ኖሮ አንጓች ዛሬ የለችም።

ከበሬዎቼ አንዱን ሸጥሁ፤ ስለ ወጪው ይኼ ይበቃል። ጤፉ ቆሞ፣ ኅዳር ገብቶ፣ እኔ ልነሣ ስል አንጓች እምቢ አለች።

«አልሄድም።»

«ምን ሆንሽ?»

«ቀኖናዬን አልፈጸምሁም። በወደቅሁበት ቀን ሁሉ ጎደሎ ነው። ቢላ ሥር ተኝቼ ብሞትስ? በምን አፌ ነው ከፈጣሪ ፊት የምቆመው?»

«ከዳንሽ በኋላ ትፈጽሚዋለሽ።»

«ካልዳንሁስ? እርስዎ ይፈጽሙልኛል?»

ተናደድሁ፤ ጮኽሁ። ልጃችንም መጥታ አለቀሰች። አንጓች ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ግትርነት የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሚሻለውን ሳጣ መምሬ ሞገስ ዘንድ ሄድሁና እንደሆነው ነገርኋቸው። ስትወድቅ የሰነበተችው በእሳቸው ስግደት ላይ መሆኑን እስከዚያ ቀን አልሰሙም ነበር።  ከዚያ ጋቢያቸውን ደርበው አብረውኝ መጡ፤ ከመደቧ አጠገብ ተቀመጡ።

«አንጓች።»

«አቤት አባቴ።»

«የሰጠሁሽ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«የሰጠ መውሰድ ይችላል። ቀኖናሽን ከትከሻሽ አውርጄ ተሸክሜዋለሁ። የጎደለውን እኔ እሰግደዋለሁ።»

ከመደቡ ልትነሣ ስትል ያዝኋት። «ኧረ ይተዉ መምሬ! በዚያ ጉልበትዎ? አርጅተው የለም እንዴ?»

«ስለ ጉልበቴ ከፈጣሪ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። የሐኪም ቤቱ ሰዎች ወተት ጠጪ፣ እንቁላል ብዪ ካሉሽም ጾም ነው ብለሽ እንዳትከራከሪ፤ ፈትቼሻለሁ። አንቺ መኪናው ላይ ውጪ።»

አንጓች እጃቸውን ስባ ሳመች። በማግስቱ ጎረቤት ቃሬዛ አዘጋጀ። ከፊት በኩል ያለውን እንጨት ሳይጠራ መጥቶ የተሸከመው አያ ደመቀ ነው። እስከ ቡሬ አላናገረኝም። አውቶቡሱ ሲነሣ ብቻ «ጤፉን አታስብ» አለኝ።

ደብረ ማርቆስ አድረን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን አዲስ አበባ ገባን። በሐኪም ቤቱ የጃንሆይ ሥዕል በተሰቀለበት ኮሪደር ላይ ስንት ቀን እንደ ተመላለስን አልናገርም። ለአንዱ እናሳያለን፤ «የጉበት ነው» ይላል። ለሌላው እናሳያለን፤ «የማሕፀን ነው» ይላል። ማታ ማታ ትንፋሿን እያዳመጥሁ ሲቋረጥ እነቀንቃታለሁ። «ይተዉኝ፤ እንቅልፍ ነው» ትለኛለች።

አንድ ቀን አንዲት ነርስ ስናወራ ሰምታ ዞር አለች። «ከጎጃም ናችሁ? እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ።» እግዜር የላካት ናት። እጃችንን ይዛ አንድ ቁመተ ረጅም ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ አስገባችን፤ አስተርጓሚያችንም ሆነች። ሐኪሙ ሁሉን ከሥር ጀምሮ ጠየቀ።

«የምትወድቂው መቼ ነው?»

«ሰግጄ ስነሣ» አለች አንጓች።

ነርሷ እንዴት እንደምትተረጉመው ጨነቃትና በእጇ አሳየችው። ሐኪሙ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እዚሁ ስገጂ፤ ልይሽ ይላል» አለች ነርሷ።

«እዚህ? በሐኪም ቤት?» አንጓች ግራ ቀኝ አየች። «ምሥራቁ በየት ነው?»

ነርሷ አላወቀችም። እኔም ከዚያ ሁሉ ኮሪደር በኋላ ዞሮብኛል። ሐኪሙ መስኮቱን ከፍቶ ፀሐይዋን አየና በጣቱ አመለከተ። አንጓች አማተበች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ሰገደች። እሱም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ አብሯት ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ስትነሣ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ለጠፈ። ወዲያው ተዝለፈለፈች፤ በሁለት እጁ ደግፎ ቀስ ብሎ አስተኛት። ከዚያም ተኝታ ሳለ እንደገና ብዙ አዳመጠ። በማግስቱ በእግሯ ደም ሥር ቀለም ያለው መድኃኒት ሰጥተው ራጅ አነሷት።

የነገረንን ነርሷ እንዲህ ብላ ተረጎመችው፦ «በማሕፀንሽ እጢ አለ። ክፉው ዓይነት አይደለም፤ ነቀርሳ አይደለም። ብዙ ሴት እንዲህ ያለ እጢ ይኖራታል፤ በበቀለበት ተቀምጦ ይቀራል። ያንቺው ግን ደም ሥር ውስጥ ገባና ሽቅብ እየተሳበ ልብሽ ድረስ ሄደ።»

«እንደ ቅል ሐረግ?» አልሁ።

ሐኪሙ ሲተረጎምለት ራሱን ነቀነቀ። «እንደ ሐረግ። ጫፉ ልቧ ውስጥ ይወዛወዛል። ሰግዳ ስትነሣ የልቧን በር ይደፍነዋል፤ ደም ማለፊያ ያጣል፤ ያን ጊዜ ትወድቃለች። እንዲህ ያለውን እኔም በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አላየሁም።»

ጋኔኑ ይኸው ነበር።

«ይወጣል?» አልሁ።

«ልብ ከፍቶ የሚሠራበት መሣሪያ እዚህ የለም። ጫፉ ከልቧ ጋር ካልተጣበቀ ከሆዷ በኩል ቀስ ብዬ ወደ ታች እጎትተዋለሁ። ከተጣበቀ፣ ወይም ሲጎተት ከተበጠሰ…» ነርሷ አቆመች።

«ጨርሺው።»

«ከጠረጴዛው አትነሣም ይላል። ሳይነካ ከተተወ ግን አንድ ቀን ትወድቅና አትነቃም። ማሕፀኗም አብሮ መውጣት አለበት።»

ሐኪሙ መልሱን ሲጠብቅ የሚያየው እኔን ነው። «ምን እኔን ያየኛል?» አልሁ። «ማሕፀኑ የእሷ ነው። እሷን ይጠይቃት።»

አንጓች እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «ልጆቼን ተሸክሞልኛል፤ ውለታውን አልረሳም። አሁን ሊገድለኝ ከተነሣ ይውጣ። ብቻ ሐረግ በችኮላ አይጎተትም በይው።»

ሐኪሙ ሳቀ። «አልቸኩልም በያት» አለ።

ደም ያስፈልጋል ተባለ። ደም የሰጠ ሰው አይሰነብትም ሲባል ነው የሰማሁት፤ ብዙ ሰው ዘመዱን ጥሎ ይሸሻል አሉ። የእኔ ደም ከእሷ ደም ይገጥማል ተባለ። እጄን ዘረጋሁ። ራሴን እንኳ አላዞረኝም፤ ይኼን የምጽፈው የሚፈራ ካለ ብዬ ነው።

ያስገቧት ዕለት በሩ ሥር ተቀመጥሁ። እኔ ጸሎት ብዙ አላውቅም። አቡነ ዘበሰማያትን እጀምርና መሐል ላይ ይጠፋኛል፤ ከራሱ እጀምራለሁ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ይዛ አምስት ስድስት ጊዜ አለፈች፤ በመጨረሻ ከእግሬ ሥር ያለውን ወለል ሳትወለውል ትታ ደረቅ ጆንያ አነጠፈችልኝ። ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። ነርሷ ጭንብሏን ወደ አገጯ ሳበችና ጮኸች፦

«ሳይበጠስ ወጣ!»

በሳሕን አድርገው አሳዩኝ። ነጭ፣ ልሙጥ፣ ከክንድ የሚረዝም ነው፤ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። የሐኪሙን እጅ ያዝሁና ሳምሁት፤ ጎትቶ ሊያስጥለኝ ሞከረ፤ አልለቀቅሁትም።

አንጓች ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ «ጤፉ ታጨደ?» የሚል ነው። ደሜ እንደ ገባላት ስነግራት ደግሞ ክንዷን አገላብጣ አየች።

«አሁን ገባኝ» አለች። «ከነቃሁ ጀምሮ ነገር ነገር ይለኛል። እንግዲህ ደሙ ያንቱ ነው፤ አልታዘዝም ብል አይፍረዱብኝ።»

ወተት ሲያመጡላት ጠጣች። ላለፈ ላገደመው ሁሉ ግን «መምሬ ፈቅደውልኝ ነው» ትላለች፤ የጠየቃት ሰው የለም። የእግሯ እብጠት ጠፋ፤ ደሙ ቀረ። ስንሰናበት ሐኪሙ «ክፉ ባይሆንም ሥሩ ከቀረ ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ በየዓመቱ ትታይ» ብሎ አስጠነቀቀን። ከባድ ሥራና መጎንበስም ለጊዜው ከለከላት።

የምታነቡኝ ሴቶችና የሴት ባሎች፣ ምክሬ አጭር ነው። ደም ከወጉ ካለፈ፣ ሆድ ከጠጠረ፣ እግር ካበጠ፣ ቀና ሲሉ መውደቅ ከመጣ፣ አንዱ «ፅንስ ነው»፣ ሌላው «መንፈስ ነው» ቢላችሁም አትቀመጡ። ጸልዩ፣ ተጠመቁም፤ እየሄዳችሁ ጸልዩ። ለሐኪሙም መቼና እንዴት እንደምትወድቁ ሳታፍሩ ንገሩት። ሁሉም እጢ ልብ አይደርስም፤ እንዲህ ያለው ከስንት አንድ ነው ብሎናል ሐኪሙ። አንዱ ግን የእኛ ቤት ደርሷል።

አንድ ነገር ቀረኝ። የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቡሬ ገባን። መሞት መዳኗን ላገር የምናስታውቅበት መንገድ አልነበረንም። አያ ደመቀ በቅሎ ይዞ ቆሟል፤ ለካ አውቶቡስ በገባ ቁጥር እየመጣ በሩን ሲያይ ሰንብቷል። አንጓች በእግሯ ስትወርድ አያት። 

«ጤፉ ተወቅቷል» አለ።

«መምሬ ደህና ናቸው?» አለችው።

«ይሰግዳሉ።»

«እስካሁን? ያቺ ቀኖና ይኼን ያህል ነበረች እንዴ?»

«ያንቺንማ ከጨረሱ ቆይተዋል። ይበቃል ስንላቸው ‹መዳኗን ሳልሰማ በየት በኩል ላቋርጠው?› ብለው እምቢ አሉ።»

ወደ ቤት አልገባንም። በቅሎዋን በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መራናት። አንጓች ወረደችና ቅጥሩን አልፋ ገባች። መምሬ ሞገስ በምሥራቁ በኩል ጆንያ አንጥፈው ይሰግዳሉ፤ ሲነሡ ግንቡን ይደገፋሉ። ኮቴ ሰምተው ዞሩ። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«መጣሁ አባቴ» አለች። «ይብቃዎ።»

«እስቲ ቆዪ» አሉ። «አንዲት የምስጋና ትቅረኝ።»

ጎንበስ ሲሉ እሷም ከጎናቸው ጎንበስ አለች። ሐኪሙ የከለከለውን ልነግራት አፌን ከፈትሁ፤ ግንባሯ መሬት ነክቶ ነበር። አያ ደመቀ ክንዴን ጨበጠኝ። 

አንጓች ቀድማ ተነሣች፤ እጇንም ለእሳቸው ዘረጋች።